በመሪው ሆድ ውስጥ

ጣቢታ ሉቃስ ኤርባግ ያለው መሪ ከመፍታቷ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ታላቅቅና ግማሽ ሰዓት ትቀመጣለች። ቡራዩ ያሉ መካኒኮች ልማዷን ስለሚያውቁ ይስቁባታል። «አሥር ደቂቃ ይበቃል እኮ» ይሏታል። «ይብቃችሁ፤ እኔ ያለኝ ፊት አንድ ነው» ትላቸዋለች። ባትሪው ቢነቀልም ትንሽ ኤሌክትሪክ ውስጥ ውስጡን ተደብቆ እንደሚቆይ፣ ያችው ትንሽ ደግሞ ኤርባጉን በሰው ፊት ላይ ለማፈንዳት እንደምትበቃ የነገሯት ኦቦ ዲሪርሳ ናቸው። ሙያውን ሁሉ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

ከሆሳዕና መጥታ ፋብሪካ ስትሠራ ቆይታ፣ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ በየጋራዡ ዞራለች። የሚቀጥራት አላገኘችም፤ ሴት ልጅና ግራሶ ምን አገናኛቸው ተብላ ስትመለስ፣ ኦቦ ዲሪርሳ ብቻ «እስቲ እጅሽን አሳዪኝ» አሏት። ጣቶቿን እያገላበጡ አይተው «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይኼ የሽቦ ጣት ነው፤ ነገ ጠዋት ነይ» አሉ። ያ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነው። እሳቸው ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ እጄ ይንቀጠቀጣል ብለው ጋራዡን ለእሷ ለቀው፣ ገፈርሳ አጠገብ ካለው ቤታቸው ሆነዋል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሐኒ የምትባል ሴት ከሱሉልታ ቪትዝ መኪናዋን ነድታ መጣች። የመሪው ቆዳ ተልጦ እጅ ላይ ይቀራል፤ ክላክሱም አንዳንዴ ይጮኻል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። ከተመሳሳይ መኪና የወጣ ደህና መሪ ከነኤርባጉ ገዝታ በካርቶን ይዛ ነበር።

«በሳምንት ሦስት ቀን እናቴን ይዤ የእንጦጦን ቁልቁለት እወርዳለሁ» አለች ሐኒ። «ኩላሊቷን ታማ ሕክምና ስለምትመላለስ ነው። ክላክስ ሳይኖር ያ መንገድ ያስፈራል።»

ጣቢታ ጎማዎቹን ቀጥ አድርጋ አቆመች፤ ቁልፉን ነቀለች፤ ባትሪውን አላቀቀች። ግማሽ ሰዓቷን ጠበቀች። ከዚያ ከመሪው ጀርባ በግራና በቀኝ ያሉትን ብሎኖች ፈታችና መሐል ያለውን ክዳን ቀስ አድርጋ ወደ ራሷ ሳበችው።

ክዳኑ ቀለላት። ኤርባግ የተሸከመ ክዳን ሲወጣ እጅ ላይ ከበድ ይላል፤ ይኼ ግን እንደ ዳቦ ነበር። ገልብጣ አየችው። የታጠፈ ከረጢት የለም፤ የሚያፈነዳው ብረትም የለም። ክብ ተደርጎ የተቆረጠ ስፖንጅ ተጠቅጥቆ፣ እንዳይንቀሳቀስ በሰም በታሸ ክር ተጠፍሮ ተቀምጧል። የኤርባጉ ቢጫ ሽቦዎች ጫፍ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ሬዚስተር፣ የኤሌክትሪክ ፍሰት የምትገታ ቁራጭ፣ ተበይዳለች። መኪናው ኤርባግ ያለው እንዲመስለው፣ የዳሽቦርዱ ቀይ መብራትም ቁልፉ ሲዞር እንደ ደህና መኪና በርታ እንድትጠፋ የተደረገ ነው።

ብየዳው ንጹህ ነበር። ጠብታ አልፈሰሰም፣ ሽቦ አልተቃጠለም። መጋጠሚያው በፕላስተር ሳይሆን በክር ተጠምጥሟል። ፕላስተር በሙቀት ይለቃል እያሉ በክር የሚጠመጥሙ አንድ ሰው ብቻ ታውቃለች። ራሷም ከእሳቸው ተምራ እንደዚያው ነው የምትጠመጥመው።

ሐኒ ጎንበስ ብላ አየች። «ምንድን ነው እሱ?»

 «ኤርባግ የለውም» አለቻት ጣቢታ። «በፊት ፈንድቶ ኖሯል። ቦታው ላይ ስፖንጅ አድርገውበታል።»

«ስገዛው መብራቷን አሳይተውኝ ነበር እኮ! ትሠራለች ብለውኝ…»

«መብራቷ ናት የምትሠራው።»

ሐኒ በሩን ተደግፋ ቆመች። «አራት ዓመት» አለች፤ «አራት ዓመት እናቴን ይዤ።» 

ጣቢታ አዲሱን መሪ ለመግጠም የድሮውን መፍታት ጀመረች። የድሮው መሪ ዘንግ ላይ የተቀመጠበትን ቦታ በኖራ ምልክት አደረገች። መሐሉን የያዘውን ዳዶ ጨርሳ አልፈታችውም፤ ሦስት ጥርስ ተወችለት፤ መሪው በድንገት ለቅቆ ፊቷን እንዳይመታት። ሐኒ ያመጣችውን ኤርባግ ከካርቶኑ ስታወጣ የሚፈነዳበትን ፊት ከሰውነቷ አዙራ ያዘችው፤ ጠረጴዛው ላይም ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠችው። ቁጥሩ ከመኪናው ጋር መስማማቱን ሁለት ጊዜ አነበበች። ሁሉን ገጥማ ስትጨርስ ሐኒን ከመኪናው አርቃ ባትሪውን መለሰች፤ እሷም ውጭ ቆማ እጇን በመስኮት አስገብታ ቁልፉን አዞረች። ቀይዋ መብራት በርታ ጠፋች። በዚያ መኪና ውስጥ እውነት ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

ሐኒ ከሄደች በኋላ ጣቢታ ስፖንጁን በፌስታል ጠቅልላ ገፈርሳ ወረደች።

ኦቦ ዲሪርሳን ጓሮ ጎመን ሲኮተኩቱ አገኘቻቸው። ባለቤታቸው ደጊቱ በሩ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ጣቢታ እንደ ልማዱ ጤናቸውን ጠየቀች፤ እነሱም የእሷን ጠየቁ። ከዚያ ፌስታሉን ፈታችና ስፖንጁን መደቡ ላይ አስቀመጠችው።

«ኦቦ፣ ይኼ የማን እጅ ነው?»

ሽማግሌው መኮትኮቻውን መሬት ላይ አስደገፉ። ማየት እንኳ አላስፈለጋቸውም።

«የእኔ ነው።»

«ስንት መኪና ላይ አድርገዋል?»

«ሦስት።» መደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። «አንቺ ሥራ በጀመርሽበት ዓመት ነው። ኤርባጉ የፈነዳ መኪና ያመጣሉ፤ ሊሸጡት ይፈልጋሉ፤ መብራቷ አልጠፋ ትላለች። የዞሩበት ጋራዥ ሁሉ አልቻለም። እኔ ቻልኩ። በርታ ስትጠፋ ሳይ እንደ ሕፃን ደስ አለኝ፤ ሰው ያልቻለውን ቻልኩ ብዬ። ውስጡ ባዶ መሆኑን ልቤ ያውቃል፤ ዓይኔ ግን መብራቷን ነበር የሚያየው።»

ጣቢታ ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አላት። ጋራዡ በር ላይ ተቀምጣ ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ በመቀስ ስትቆርጥ፣ ኦቦ ዲሪርሳ ከመኪናው ውስጥ «ጠበብ አድርጊው፣ ክብ ይሁን» ሲሏት። ለወንበር መስሏት ነበር። አልጠየቀችም። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችው፤ የያዘው ነገር አልነበረም።

«አንዱ ዛሬ የመጣው ነው» አለች። «ሌሎቹስ?»

«አንዱ የት እንደገባ አላውቅም። ነጭ ኮሮላ ነው፤ ታርጋውን አስታውሳለሁ። ሌላው…» ኦቦ ዲሪርሳ የመኮትኮቻውን አፈር መጥረግ ጀመሩ።

«ንገራት እንጂ» አሉ ደጊቱ ምስሩን እያዩ። «ከለቅሶው ከተመለስክ ወዲህ አንድ ቀን እንቅልፍ ወስዶህ አያውቅም። ለእኔ እጄ ነው ትለኛለህ። እጅ እንቅልፍ አይነሳም።»

«የካሳሁን ነው» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ።

ጣቢታ ካሳሁንን ታውቀዋለች። ሰበታ ላይ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የነበረው፣ ከጎጃም የመጣ ሳቂታ ነጋዴ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ መኪናውን ሌላ ጋራዥ አላስነካም። በመጣ ቁጥር ለሠራተኛው ሁሉ ሙዝ ይዞ ነበር የሚመጣው። ሁለት ዓመት ሆነው፤ ተፍኪ አቅራቢያ በጠዋት ጉም ውስጥ መንገድ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ሳያይ ገብቶ፣ መሪው ደረቱን ሰብሮት ሞተ።

«ለቅሶው ላይ አብረን ነበርን» አለች ጣቢታ።

«ነበርን።»

«ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ንፍሮ በልተዋል።»

«በልቻለሁ።»

«ሰባት ዓመት ሲመላለስ ለምን አልነገሩትም?»

«የሠራሁት ለሸጠለት ሰው ነበር። ካሳሁን ገዝቶት ሲመጣ መኪናውን ገና ከሩቅ አወቅሁት። ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ ሙዙን ይዞ ይገባል፤ ኦቦ እያለ ትከሻዬን ይስማል። የማያምንህን ሰው አታለልኩህ ማለት ይቻላል፤ የሚያምንህን ግን እንዴት ብለህ? ለሌላ ጊዜ፣ ለሌላ ጊዜ እያልኩ ጊዜው አለቀ።»

ጣቢታ ተነሳች። በሕይወቷ ለእኚህ ሰው ድምፅ ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ አሁንም አላደረገችም።

«ነገ ሰበታ እንሄዳለን።»

«ሄጄ ሚስቱን ምን ልበላት? እሱ ይነሳል?»

«አይነሳም። ግን ሚስቱ ምን እንደ ገደለው አታውቅም። እኛ እናውቃለን። ይኼን ይዘው መቃብር ሊወርዱ ነው?»

 ደጊቱ ወደ ጓዳ ገብተው የባላቸውን ካፖርትና ባርኔጣ አውጥተው፣ ለነገ ጠዋት ወንበር ላይ አንጠለጠሉት።

በማግስቱ በአየር ጤና በኩል ሁለት ታክሲ ይዘው ሰበታ ደረሱ።  የካሳሁን ሚስት፣ አትክልት የምትባለው፣ የባሏን ሱቅ አልዘጋችውም ነበር፤ ከቀለም ቆርቆሮና ከምስማር ካርቶን መሐል ቆማ ለአንድ ሰው ቧንቧ ስትለካ አገኟት። ስታያቸው ፊቷ ፈካ።

«ኦቦ! ምን እግር ጣላችሁ? ጣቢታ፣ እንዴት ነሽ? ግቡ፣ ግቡ!»

ደንበኛዋን ሸኝታ ተመለሰች። ኦቦ ዲሪርሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙ። መጀመሪያ በአማርኛ ጀመሩ፤ ተቋረጡ። በኦሮምኛ ጀመሩ፤ አሁንም ተቋረጡ። በመጨረሻ አንድም ሳይጨምሩ፣ አንድም ሳይቀንሱ ተናገሩት፤ ስፖንጁን፣ ሬዚስተሩን፣ ሰባት ዓመት ዝም ማለታቸውን፣ ንፍሮውን ሁሉ።

አትክልት የያዘችውን ሜትር ቀስ እያለች ጠቀለለችው። ስትጨርስ መልሳ ዘረጋችው። እንደገና ጠቀለለችው።

«መሪው ነው ደረቱን የመታው» አለች። «ሐኪሙ እንደዚያ ነው ያለኝ። ሌላ ሰውነቱ ደህና ነበር።» ከዚያ ወደ ጣቢታ ዞረች። «አንቺ ንገሪኝ። ቢኖረው ይተርፍ ነበር?»

ጣቢታ በታክሲው ውስጥ ይህን ጥያቄ ስትፈራ ነበር የመጣችው። «ዕድሜ የእግዚአብሔር ነው ብዬ ላታልልሽ አልፈልግም» አለቻት። «ይተርፍ ነበር ብዬም አልምልም፤ ግጭቱ ከባድ ነበር። ግን በደረቱና በመሪው መካከል አንድ ነገር ይኖር ነበር። አልነበረም። ስፖንጁን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ አትክልት። ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ግን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

አትክልት አላለቀሰችም። ኦቦ ዲሪርሳን ትክ ብላ አየቻቸው።

«በለቅሶው ሳምንት ሙሉ ከእኔ ጋር ተቀምጠው ነበር» አለች። «አይዞሽ፣ ቀኑ ደርሶ ነው ብለውኛል። እኔም ቀኑ ደርሶ ነው ስል ሁለት ዓመት ኖርኩ።»

«ብዬሻለሁ።»

«ሌላ መኪና አለ?»

«አንዱ ትናንት ተሠራ። አንዱ ቀርቷል።»

«የት ነው?»

«አናውቅም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?» አለች አትክልት፤ ድምፅዋ ያን ጊዜ ነው የተሰነጠቀው። «ሰው ይዞ እየሄደ አይደለም እንዴ? አሁን እዚህ ቆማችሁ እኔን ስታዩኝ፣ ልጅ ጭኖ እየሄደ አይደለም? ሽማግሌ እንዳትልኩብኝ። ይቅርታም እንዳትሉኝ። ልክሰስ አልክሰስ ገና አላውቅም። ያንን መኪና ፈልጉና ንገሩኝ። አሁን ከሱቄ ውጡልኝ።»

ወጡ። ኦቦ ዲሪርሳ ባርኔጣቸውን አስፋልቱ እስኪደርሱ ድረስ አላጠለቁም።

ነጩን ኮሮላ ለማግኘት ሃያ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። የመጀመሪያው ባለቤት አገር ለቋል፤ ሁለተኛው ለደላላ ሰጥቶታል፤ ደላላው ስልኩን ቀይሯል። ኦቦ ዲሪርሳ ታርጋውን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈው ከጋራዥ ጋራዥ፣ ከመለዋወጫ ሱቅ መለዋወጫ ሱቅ ዞሩ። ጣቢታ ሥራ በሌላት ሰዓት ትከተላቸዋለች። ሰዎች ለምን እንደሚፈልጉት ሲጠይቋቸው አንድም ቀን ሰበብ አልፈጠሩም። «አበላሽቼው ነው» ይላሉ። አንዳንዱ በአክብሮት ያዝንላቸዋል፤ አንዳንዱ ዕድሜያቸውን አይቶ የተምታታባቸው ይመስለዋል።

መኪናው ገላን ተገኘ። ቀለሙ ብርማ ሆኗል። ባለቤቱ ዮፍታሔ የሚባል የመጋዘን ኃላፊ ነበር። ኦቦ ዲሪርሳ የጭነት መኪኖች በሚሰለፉበት በር ላይ አቁመው ነገሩት። ሰውየው መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ግን ፊቱ ተለወጠ።

«አንተ» አለ፤ የአባቱን እኩያ አንተ አለ፤ «አራት ልጆቼን ጭኜ በየሳምንቱ አዳማ የምሄድበት መኪና ነው! ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ?»

አጠገቡ የነበሩ ወዛደሮች «ኧረ ሽማግሌ ናቸው፣ ተው» አሉት። ጣቢታም ልትገባ ነበር። ኦቦ ዲሪርሳ በእጃቸው ከለከሏት።

«ልክ ነው» አሉ። «ይበለኝ።»

ዮፍታሔ መኪናውን በራሱ ሊነዳ ፈራ። ጣቢታ ቀስ አድርጋ እየነዳች ቡራዩ አደረሰችው። ደህና ኤርባግ ኦቦ ዲሪርሳ በራሳቸው ገንዘብ ገዝተው አስቀምጠው ነበር። ባትሪው ተፈትቶ ግማሽ ሰዓቱ ሲጠበቅ ሦስቱ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዮፍታሔ ደጋግሞ ሰዓቱን ያያል።

«አሁን አትጀምሪም?»

«ገና ነው» አለች ጣቢታ።

ክዳኑ ሲወጣ፣ እሷ ራሷ የቆረጠችው ስፖንጅ በክሩ እንደ ታሰረ ነበር። ቢጫው ቀለሙ ወደ ቡናማ ሄዷል፤ ሲነካ ይፈረፈራል። ለዮፍታሔ ሰጠችው። እሱ በጣቶቹ መሐል ሲጨፈልቀው ትንሽ ብናኝ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ ስድብም አልወጣው፤ ልጆቹን ያሰበ ይመስላል፤ ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ። ኦቦ ዲሪርሳ አንድ ጊዜ ከመቀመጫቸው ተነስተው «ቢጫውን ሽቦ እኔ ላያይዘው» አሉ። ጣቢታ እጃቸውን አየች። የሚንቀጠቀጥ ነገር አልነበረውም።

«አይ፣ ኦቦ» አለቻቸው በለሆሳስ። «ይኼን እኔ ነኝ የምሠራው።»

ተመልሰው ተቀመጡ።

ያን ቀን ማምሻውን ለአትክልት ደወለችላት። «ተገኘ። ተሠራ። ሰው አልተጎዳም» አለቻት።

  «እሁድ ከቅዳሴ መልስ ኑ» አለች አትክልት። «ኦቦ ሽማግሌ ማምጣት ከፈለጉ ያምጡ። ግን መጀመሪያ ለልጆቹ ራሳቸው ይንገሯቸው። እኔ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።»

እሁድ ዕለት የካሳሁን ልጆች፣ የአሥራ አምስት ዓመቷ ያኔትና የአሥር ዓመቱ ሰለሞን፣ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ሳሎኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ከቡራዩ የመጡት ሁለት ሽማግሌዎች ደጅ ቀሩ። ጣቢታ ከኦቦ ዲሪርሳ ኋላ ቆመች። ኦቦ ዲሪርሳ ለልጅ በሚገባ ቋንቋ፣ ኤርባግ ምን እንደሆነ ከመናገር ጀምረው፣ እስከ መጨረሻው ነገሯቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ውኃ ጠየቁ።

ሰለሞን እናቱን ነበር የሚያየው። ያኔት ግን ዓይኗን ከሽማግሌው ላይ አላነሳችም።

«አባዬ ያውቅ ነበር?» አለች።

«አያውቅም ነበር፣ ልጄ። ቢያውቅ አይነዳውም ነበር።»

«ልጄ አይበሉኝ» አለች ያኔት፤ ተነስታም ወደ ውስጥ ገባች።

አትክልት ክስ አልመሠረተችም። እርቁ ግን በአንድ ቀን አላለቀም፤ ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ተቀምጠው፣ ሁለቱን ጊዜ በባዶ እጃቸው ተመልሰዋል። በሦስተኛው ኦቦ ዲሪርሳ ጫማዋ ላይ ሊወድቁ ሲሉ አትክልት ክንዳቸውን ይዛ አስቀረቻቸው። «እግዚአብሔር ይፍታዎት» አለች፤ ከዚያ በላይ አልጨመረችም፤ ማንም እንድትጨምር አልጠየቃትም። ሰለሞን አሁን ሲያገኛቸው እጅ ይነሳቸዋል። ያኔት ሰላም አትላቸውም፤ እሳቸውም አያስገድዷትም። ሰበታ በሄዱ ጊዜ በሱቁ ፊት ለፊት ስታልፍ ካዩዋት፣ እስክታልፍ ድረስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቆማሉ።